ማንአለኝ

የመስኖው ሥራ አልቆ ካምፑ ሲዘጋጋ፣
የአራት ዓመት ዘብ አበቃ ሲነጋ።
ያለኝን ቆጠርኩት፦ ፍራሽ፣ የእጅ ባትሪ፣
ሁለት ውሻ፣ ደግሞ የወር ደመወዝ ቀሪ።

አንዱ አደራ ነው፤ ገና ዓመት ያልሞላው፣
ጫማ፣ ገመድ፣ ሳሙና፣ ያገኘውን የሚበላው።
ሌላው ማንአለኝ፣ የካምፑ አዛውንት፣
ባንድ ዐይኑ ደመና፣ በጥርሱ ዕረፍት።
ስሙን ያወጣለት የቀድሞው ዘበኛ
ማንን ሊነካበት? የት አለና ምቀኛ?
ዙሪያው አሸዋ ነው፣ ቧንቧና ሲሚንቶ፤
ለራሱ ነው መሰል፣ ሲመሽበት ጠርቶ።

ይማም ነው የጫነኝ፣ የአይሱዙው ሹፌር፤
«አንድ ውሻ» አለኝ፤ «ጋቢና አይሞከር፤
ከላሰኝ ጣጣ ነው፤ ሰባት ጊዜ እጥበት፣ አንዱ ደግሞ ባፈር።»
አንድ ካለ አንድ ነው። ልጁን አንስቼ ጫንኩ፣
ሽማግሌውን ከበሩ ብረት አሰርኩ፣
አጥንት ጣልኩለትና ፊቴን አዞርኩ።

ይህን ስናገር እንድትፈርዱልኝ አይደለም።

ሮቢት ሳንደርስ ነው፤ ማሽላው ግራ ቀኝ፣
ይማም ስፖኪዮውን አየና፣ እኔን አየኝ።
እንደገና አየ። ማርሹን ቀነሰ።
ጥጉን ይዞ ቆመ። ቆይቶ ደረሰ፦
አንገቱ ላይ ቁራጭ የተበጠሰ ገመድ፣
ምላሱ መሬት ሊነካ፣ ጀርባው ሙሉ አመድ።
«ያንተ ነው?»
             «የኔ ነው።»
                         «ስሙስ?»
                                   «ማንአለኝ።»
መሪውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣
«ከእግርህ ሥር አስገባው፤ ነገር አታብዛብኝ።»

ወልድያን አለፍን፣ ሲሪንካን፣ መርሳን፤
በየመንደሩ አፋፍ ውሻ እየተቀበለን፣
እስከ ድንበሩ ድረስ ሰድቦ ይሸኘናል፣
ከዚያ ለሚቀጥለው ቆጥሮ ያስረክበናል፤
አደራ ከጭነቱ ላይ ለሁሉም ይመልሳል።

ውርጌሳ ኬላ ላይ ደረሰኝ የያዘ
ጎረምሳ ወጣና «ቁም!» ብሎ አዘዘ፤
የበግን፣ የፍየልን፣ ጣቱ ታሪፉ ላይ ወረደ፣
የውሻ ዋጋ አጣና፣ ስቆ ገመዱን አወረደ።
የውጫሌን ዳገት አደራ አልቻለው፤
ትናንት የበላው ሳሙና ወጥቶ
ፍራሼን ሙሉ አረፋ አለበሰው።

ሐይቅ ስንደርስ ዙህር ነው፤ ይማም ሰግዶ መጣ፤
ከውዱእ የተረፈችዋን ከጀሪካኑ አወጣ፣
በጣሳ ቀዳለት፤ ሽማግሌው ጠጣ።
ጠጥቶ ሲያበቃ እጁን ላሰው። ይማም አልተቆጣ።
ቁጭ ብሎ ታጠበ፤ ሲቆጥር ሰማሁት፦ አንድ፣ ሁለት፣
አንዱን በመንገዱ አፈር፣ እስከ ሰባት፤
ተነሳና ደግሞ ጨመረለት።

ደሴ ጎማ ፈነዳ፤ እስኪለጠፍ መሸ።
ጦሳም በጉም ውስጥ ነው። መብራቱ ፈዘዘ፤
ኩታበር እህቴ ደጅ ስንወርድ
ማንአለኝ በአራት እግሩ ብርድ ያዘ።
ቆላ ያረጀ ውሻ ደጋን ምኑን ያውቃል?
ካገሩ የመጣ አንድ የሚሞቅ ነገር
የይማም ሞተር ነው። ሌሊት ከሥሩ ገብቷል።

ሲነጋ ቁልፉን ሊያዞር እጁ ሲዘረጋ፣
ይማም ጭራ አየ ከኋላው ጎማ ጋ።
ወረደ። ተንበረከከ። በዚያ ጭጋግ፣ በዚያ ጭቃ
ግንባሩን ከብረቱ አስጠግቶ
«ማን አለኝ!» ይላል፤ «ኧረ ማን አለኝ!»
ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው፤
ከጎረቤት አጥር እቴ ሐዋ ብቅ አለች፣
መጥረጊያዋን ይዛ ትንሽ አዳመጠች፣
«አይዞህ የኔ ልጅ፣ እኛ አለንህ» አለች።

ይማም ቀና ብሎ ሊያስረዳት ፈለገ፤
ተወው።