ሊብሬ

ከዓለም ገና ወዲህ፣ ከብሎኬት ማምረቻው አጥር ሥር፣
ያባቴ ቮልስ ቆማለች፤ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር
አቧራ ትደርባለች። ሰማያዊ ናት ይላል ሊብሬው፤
እኔ የማውቀው ግን ስቱኮ የነካካው ግራጫዋን ነው።

ሞተሯ ከኋላ፣ ኮፈኗ ውስጥ ዘንቢል፤
አባቴ ሲያወድሳት፣ ጂኦግራፊ እንደሚያስተምር ድምፁ ቀጠን ይል፦
«ራዲያተር የላት፣ አትፈላ፤ ግመል ናት፣ ግመል የበረሃ፤
ላንድሮቨሩ ጣርማ በር ላይ ቆሞ ሲል ውሃ! ውሃ!
እሷ በጎኑ ትክ ትክ...» ይስቃል፣ አይጨርሰውም።
እኔ ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ዕቃ መክተቻዋ ውስጥ ተጠቅልዬ፣
በላሜራው አልፎ ሞተሩ ሲያንጎራጉር በጆሮዬ።

ሐሙስ ሐሙስ ግን አትነሳም።
«ታማለች» ይለናል፤ ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ
በእግሩ ይሄዳል እስከ ሰበታ፣ ጫማውን ለጭቃው ሰጥቶ።
ቤንዚን አጥሮ ነው እንል ነበር፤ በኩፖን ነበር ያኔ፤
ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም እኔ።

ጀርመን ሠራት፤ ለብልቷ ሁሉ ስም ያወጣ ጣልያን፦
ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፤
ሸምሱ ደግሞ በስልጥኛ ይሰድባታል
ብሎኗ አልላቀቅ ሲለው፣ ዝጎ ድንጋይ ሆኖ።

ሊብሬው ላይ አራት ስም አለ፣ በአራት ሰው እጅ ጽሕፈት።
ሲስተር እልፍነሽ፣ ነርስ፤ ስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣
በወር በወር ተከፍላ፣ ከደሞዝ ላይ ተቆርጣ።
መቶ አለቃ ይመኑ፤ ቀኑ ላይ ቀለም ፈሷል፣
ከነርሷ እጅ እንዴት እንደወጣች
የሚናገር መስመር የለም።
ሙሴ ሃጎፕ፣ ሰዓት ሠሪ፤ አገር ሲለቅ ከነምንጣፏ ሸጣት፤
ክሩስኮቷ ኪስ ውስጥ አንዲት የናስ ጥርስ ዛሬም አለች፣
የየትኛው ሰዓት እንደሆነች የሚያውቃት የለም።
ሞቱማ ደንደና፣ መምህር፤ ሰባ ዘጠኝ። አባቴ።
ከሱ ሥር አንድ ባዶ መስመር፤ ለኔ ነው አልኩ በልቤ።

ማክሰኞ ሄድኩ፣ የሟች ስም ተሽሮ በስሜ እንዲዞር።
መርማሪው ተንበረከከ፣ በባትሪ አየ፣ በምራቁ ጣቱን አርሶ ጠረገ፦
«ሻንሲው ልክ ነው እህቴ፤ ችግሩ ከሞተር።
ቁጥሩ የሌላ መኪና ነው።»

ፉሪ ወረድኩ። ሸምሱ እጁን በናፍጣ ይታጠባል፣
ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ፣
እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ።
«ያባትሽ ሞተር ተሰንጥቆ ነበር፤ ሰማንያ ላይ።
እኔ ግቢ አንዲት ቮልስ ቆማ ነበር፤
አንድ ኢንጂነር፣ ቀጭን፣ ቫልቯን አስተካክልልኝ ብሎ በሰባ ያመጣት።
‹ሐሙስ መጥቼ እወስዳታለሁ› አለ።
አስተካከልኳት።
አሥር ዓመት፣ ሌሌ፣ በየሐሙሱ አስነሳት ነበር፣
ባትሪዋ እንዳይሞት፣ ሲመጣ እንዳላፍር።
ስሙን አልጠየቅኩም። ኢንጂነር ነበር የምለው።
ሒሳቡን ቀድሞ ከፍሎኝ ነው የሄደው።»

አባቴ ያውቅ እንደሆን ጠየቅኩት።
ጨርቁን ጨመቀ። «ነግሬው ነው የገጠምኩለት» አለ፣
«ሐሙስ ቀን ግን የኔ አይደለችም፣ አለኝ።»

ማታ በስልክ መብራት ሞተሩ ላይ ጎንበስ አልኩ፤
ዘይቱን በጨርቅ ስፍቅ፣ ስፍቅ፣ ቁጥሩ ወጣ፤
ሁለት ዜሮ፣ አንድ ሰባት የሚመስል፣ ጫፉ የተበላ፤
አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት፣ ቀዝቃዛ ነው፣
ከዚህ ቁጥር ሌላ ስም የለው።

ቢሮው ቅጽ ሰጥቶኛል፦ ሞተሩ ከማን እንደተገኘ ይገለጽ፤
ከሥሩ ሦስት መስመር ነጠብጣብ።
እስክሪብቶ አለኝ። ነጠብጣቡን ቆጠርኩ፣ አልጻፍኩም።
«ሐሙስ ሞልተሽ፣ መኪናዋን ይዘሽ ነዪ» አለኝ መርማሪው።

«ዓርብ ቢሆንስ?» አልኩት።