የደከመ ድንጋይ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣ ሳያንኳኳ ገብቶ፣
ካሴቶቹ መሀል እንደ ድመት ተኝቶ
አገኘሁት ጠዋት፤ ጠርጌ አስወጣሁት፤
የቴፑን ራስም በአልኮል አጠብሁት።

ሱቄ ፒያሳ ነው፣ ከፎቶ ቤቱ ስር፤
ላፕቶፔም አሮጌ፣ ባንክ የጣለው ነበር፤
ሊኑክስ ጫንሁበት፣ ፈቃድ የማይጠይቅ፣
ሰው በናቀው ብረት ሠርቶ ማደር የሚያውቅ።

ጦይባ ሐረጎን ወጥታ በሚኒባስ መጣች፣
አንዲት ካሴት በሻሽ ጠቅልላ ይዛለች።
«ያባቴ ድምፅ» አለች፣ «ከአሰብ የላከልን፤
መጻፍ ስለማይችል በቴፕ ያወራልን።»

ከተትሁት፤ ተጫንሁት።
አባት ስንጠብቅ፣ ከስፒከሩ የመጣው
ቀጭን፣ ችኩል ድምፅ፣ ውሻ ያስደነገጠው።
«ይኼ አይደለም» አለች። «አባቴማ ሲናገር
መደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ይነዝር ነበር።»

ገባኝ፤ የባትሪው ነው። ወደብ ላይ ተቀምጦ
በደከመ ድንጋይ ሲቀዳ አምጦ፣
ክሩ እያዘገመ ቃል ተጨናነቀ፤
ዛሬ ሲለቀቅ ሮጠ፣ ቀጠነ፣ ደቀቀ።

ታዲያ ስንት ልቀንስ? ፕሮግራሙ ቁጥር እንጂ
ሰውዬውን አያውቅ።
አምስት ከመቶ ቀነስሁ። «አይደለም» አለች።
ሰባት። አንገቷን ሰበቀች።
አስራ አምስት። «ይኼማ ሰክሯል፤ እሱ አይጠጣም» አለች።

ተስፋ ቆረጥሁና ክሩን መለስሁት፣
እንደገና ልቅዳ ብዬ ተጫንሁት፤
ከመካከል
መብራት ሄደ።

ሞተሩ ሳይቆም ገና፣ ሲያቃስት፣ ሲደክም፣
ድምፁ ወረደ፣ ወፈረ፣ ጠለቀ ሊሰጥም፤
በዚያው ቁልቁለት ላይ፣ ከቅጥነት ወደ ዝምታ፣
ባንድ ቃል ብቻ፣ ለቅንጣት ላፍታ፣
ጦይባ ጠረጴዛውን መታች።
«እሱ ነው! አለፈ!» አለች።

ላፕቶፑ አልጠፋም። ጨለማው ውስጥ ብቻውን
በራሱ ባትሪ ይቀዳል ዝምታውን።
ሞገዱን አጉልቼ ቃሉን ፈለግሁት፤
«አትሽጡት» ነበረ። በጉን ነው «አትሽጡት»።
መጀመሪያ ከቀዳሁት ጋር አስተያይቼ፣
የባትሪው ምልክት እስኪቀላ ለክቼ፣
ከመቶ አስራ አንድ። ወደ መጨረሻው ግን
ድንጋዩ ሲሞትበት አስራ ሦስት፣ አስራ ስድስት፣
እስከ ስንብቱ ድረስ እጁን ይዤ እንደማወርድ
ቃል በቃል አወረድሁት።

ሹክሹክታውን ግን አልነካሁትም፤
ከክሩ ይሁን ከባሕሩ አልለየሁትም።

መብራት ወደ አስር ሰዓት መጣ። ስፒከሩን ከፈትሁ።
«ሰላም ለናንተ ይሁን» አለ አንድ ወፍራም ሰው፣
የማላውቀው፣ ተረጋግቶ።
መደርደሪያዬ ላይ ብርጭቆ የለኝም፤
ባዶዎቹ የካሴት ማኅደሮች ነዘሩ።

ጦይባ ሻሿን አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ አጣጠፈች።
«በጉን አትሽጡት» ሲል፣
ወደ ስፒከሩ ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣
«ሸጠነዋል እኮ፣ አባ» አለች።