አሥራ አምስት ሰከንድ

የአሠልጣኝ ስታዴክ ድምፅ በራስ ቁሩ ገብቶ
«ለሯጩ ስጥ!» ይላል፣ ጆሮው ሥር ተኝቶ።
ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ ሲቀር አሥራ አምስት ሰከንድ
ሬዲዮው ጭጭ ይላል፤ ይቀራል አንድ ወንድ።

ፕሩት፣ ኳርተርባኩ፤ ሁለት የተሰፋ ጉልበት፣
አውራ ጣቱን እኔ በፕላስተር ያሰርኩለት፤
ዞር ብሎ ይጮኻል፣ ትእዛዙን ይሽራል፣
ከኢሪ ሐይቅ ንፋስ በላይ ኳሷን ይወረውራል።

ነጥብ ቢቆጠርም ስታዴክ አይስቅም፤
«ለአንድ ቡድን» ይላል፣ «ሁለት አንደበት አላውቅም።»

በኅዳር፣ አንድ እሑድ፣ ስሙን ከሰሌዳ ፋቀው፤
አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ በካፖርት፣ በረዶ አስጠበቀው።

ኮርቢን ገባ፣ ልጁ፤ ዕድሜው ሃያ ሁለት፤
ሬዲዮው እስኪዘጋ ሁሉም ልክ ነበረለት።
ከዚያ ዝምታው መጣ።
አሥራ አራት። አሥራ ሦስት።
የልጁ እጅ ተንቀጠቀጠ፤
ዓይኑ ወደ አግዳሚው ፈጠጠ።

ፕሩት ምንም አላለም።
የግራ ጆሮውን ሁለቴ ነካ፣
ብርድ እንደበላው ሰው፣ እንዲያው ሲያክ።

ስታዴክ አየ።
ማየቱን እኔ አየሁ።
ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረና
ከያዘው ወረቀት ላይ
የሌለ በረዶ
ያራግፍ ጀመር።