ብረቱና ልኩ

ታሜጋ የሚባል ወንዝ ነው የከተማችን፣
ወዲህ ማዶ እኛ፣ ወዲያ ማዶ አክስታችን።
ድልድዩ ድንጋይ ነው፣ ፈረስ የሚያሻግር፣
ስድስት ዓመት ሙሉ አላሻገረም ነገር።
ጥሉ በምን መጣ? እናቴ «በለሱ ነው» ትላለች፣
አክስቴ ግራሲንዳ «አጥሩ ነው» ብላ ትምላለች።

እኔ ግን የማውቀው፦
አያቴ ገና በቁሟ፣ ጤናዋ ሳይጎድል፣
ዕቃዋን ለልጆቿ ለሁለት ስትከፍል፣
ለታላቋ ብረቱን፣ ለታናሿ ልኩን
ሰጠቻቸው እንጂ፣ አልሰጠችም ሁለቱን።

ልኩ ማለት ደብተር፣ ወተት የጠገበ፣
በእርሳስ የተጻፈ፣ በጣት የተነበበ።
ብረቱ ማለትም፣ ክብ ነው እንደ ማኅተም፣
እጀታው ረጅም፣ ከባድ፣ መልኩም አያምርም፤
በእሳት ይግልና ስኳሩ ላይ ሲያርፍበት፣
ለዚያ ለስላሳ ወተት ያበጅለታል ቅርፊት።

የአያቴ ሰማንያ ዓመት እሑድ ሊከበር፣
ቅዳሜ ማታ እናቴ ደብተሩን ገልጣ ነበር።
ያለ ሌይቴ ክሬሜ ልደት እኛ ዘንድ የለም፤
ኬክ ቢመጣ እንኳ እንግዳ ነው፣ ዘመድ አይደለም።

ወተቱን ከሎሚ ልጣጭ፣ ከቀረፋ እንጨት ጋር
አሞቀችው በቀስታ፣ ገንፍሎ እንዳይወጣ ከዳር።
አስኳሉን ከስኳር መታች፣ ነጩን ለነገ አቆየች፣
ትኩሱን ወተት በጭልፋ በጥቂት በጥቂት ጨመረች።
«ባንድ ጊዜ ብትደፊው» ይላል የደብተሩ ዳር፣
«ክሬም ብለሽ ጀምረሽ ትበያለሽ እንቁላል ፍርፍር።»
ከዚያማ ማማሰል፣ ባንድ አቅጣጫ ብቻ፣
የእንጨት ማንኪያ ይዞ፣ እንደ ረጅም ዘመቻ።
በማንኪያው ጀርባ ላይ ጣት መንገድ ሲያሰምር፣
መንገዱም ሳይደፈን ለቅጽበት ሲኖር፣
«በቃ» አለች። በዐሥራ ሁለት ሳህን ገለበጠች፣
መስኮቱ ሥር ደርድራ ሌሊቱን አሳደረች።

እሑድ ግን ስኳሩ! በምን ይቃጠል?
ምድጃ ውስጥ ቢገባ፣ እንደ ዕንባ ይንጠባጠባል።
ማንኪያ አጋለች፤ ጠቆረ፤ አልሆነላትም።
የልብሱን ካውያ እንኳ አየችው፤
አፈረችና መለሰችው።
ሦስቱ ሳህን ሲበላሽ፣ ወደ እኔ ዞር ሳትል፣
«ቴልሞ፣ ሂድ ተሻገር፤ ብረቱን አውሺን በል፤
እናቴ ላከችኝ ብለህ ግን እንዳትል።»
«ታዲያ ማን ላከኝ ልበል?»
«ማንም።»
ማንም ያልላከው ልጅ ሆኜ በድልድዩ ሮጥኩ።

አክስቴ በሯን ከፍታ ሸሚዜን አሸተተች።
«ስንት ሳህን አሳረረች?»
«ሦስት።»
«ብረቱ ያለ ሰው አይሄድም» ብላ ኩሽና ገባች፣
በዕቃ ፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች።
ከኋላዬ ዐሥር እርምጃ፣ መንገድ እንደማትጋራ ሰው፤
ድልድዩ መካከል ስትደርስ ግን ቆማ ወንዙን አየችው።

ገባች። ሰላምታ የለም። ብረቱን ጋዝ ላይ ጣደች፤
እስኪቀላ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣች።
ከዚያ፣ «ስኳሩ አነሰ።»
«እንግዲያ አንቺው ጨምሪ።»
ይኸው ነው፤ የስድስት ዓመት ኩርፊያ ሲሻር፣
በስኳር ተጀመረ፣ ሽማግሌም ሳይኖር።
ብረቱ ሲያርፍ ጭሱ ጣራ ደረሰ፣
ስኳሩ ጮኸ፣ ዘለለ፣ ወርቅ ለበሰ።
አንዷ ስትረጭ አንዷ ስትጭን፣
የቀረው ዘጠኝ ሳህን ለበሰ መስታወቱን።

ማታ አያቴ በማንኪያ ጫፍ መታ መታ አደረገች፣
ቀጭ አለ። ጎረሰች። ዝም አለች። ዋጠች።
እኛ ትንፋሽ ይዘን ምርቃት ስንጠብቅ፣
«ሎሚው በዝቷል፤ ብረቱም አልጋለም» አለች፣ ያለምንም ሳቅ።

እናቴና አክስቴ ተያዩ።
«ሎሚው?!» አለች አክስቴ።
«ብረቱ?!» አለች እናቴ።
ከስድስት ዓመት ወዲህ፣ ባንድ ወገን ሆነው
ሲቆጡ ያኔ አየኋቸው።

እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሳህን እየፋቅኩ ነበር።
የአያቴ እጅ ወደ ታች መጣ፣ ሳህኗን ልታቀብለኝ፤
የሚፋቅ አልተወችልኝም።

ብረቱ ያን ሌሊት ውሃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ አደረ፣
የማን ነው ብሎ የጠየቀም አልነበረ።
ሰኞ ጠዋት፣ «አክስትህ ረስታው ሄደች» አለችኝ እናቴ።
አክስቴ ዕቃ አትረሳም።