መቶ አርባ አንደኛው ቤት

እኔ ትሪያንግል መቺ ነኝ፣ የዱሉዝ ኦርኬስትራ፣ የመጨረሻው ወንበር፤
ቀን ፖስታ አዳይ፣ ማታ ቆጣሪ፤ ሥራዬ ይኸው ነበር፦
ሌላው ሲነፋ ሌላው ሲገዘግዝ ጣቴን አጥፌ መቁጠር፣
መቶ አርባ ድረስ ቆጥሬ
አንዴ «ቅጭል» አድርጌ፣ መልሼ መቀመጥ አፍሬ።

ኖታው ላይ በሁለት ቋሚ መስመር መካከል ያለውን
ዘርፌ «ቤት» ነበር የምትለው፤
«ድምፅ የሌለበት ባዶ ቤት ነው፤ ግን ኪራይ አለው፤
ሳትከፍል አትለፍ፤ ቁጭ በልና ቁጠረው።»

መጀመሪያ ስትመጣ የሉተራኖቹን ፒያኖ ትቃኝ ነበር፣ በሰዓት ስድስት ዶላር፤
ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙን ልጆች አስተማረች፣ እስከ በጋው ዳር።
ታናሹ ጣቱን እየነከሰ ሲያለቅስባት
«አልቅስ፣ ግን ምቱን ጠብቅ» አለችው፤ እንባው ሳቅ ሆነበት።
ሌሊት በወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ በእርሳስ፣
ስትጽፍ ስትፍቅ፣ ስትጽፍ ስትፍቅ፣ ላጲሱ ተበልቶ እስኪጨረስ፤
አሥራ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ አራት ክረምት ፈጀ፤
«እናመሰግናለን፣ ግን…» የሚል ደብዳቤ በመሳቢያዋ አረጀ።

ከዚያ መቶ ዓመቱን ሊያከብር የብረት ማዕድን ኩባንያው ፈለገ፤
«ደመቅ ያለ፣ መለከት የበዛበት» ብሎ ቼኩን ከደብዳቤው ጋር አደረገ።
እሷ ግን ድልድዩ ሥር ቆማ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ በኅዳር፣
ማዕድን ጭኖ የሚወጣው መርከብ ከድልድዩ ጋር ሲነጋገር
(አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፤ ድልድዩም መልሶ፦ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር)
ቃል በቃል ቀዳችው፤ ለቱባ ሰጠችው።

በመጀመሪያው ልምምድ ሃልቮርሰን፣ መሪያችን፣ ዘንጉን አስቀምጦ፣
ወረቀቱን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ፣
«መልካም ነው» አለ፤ «ግን… የታለ ያገርሽ ከበሮ?»
መነጽሯን ጠረገች።
«ከበሮ ካማረዎ መስኮቱን ይክፈቱ፤
ሐይቁ እየመታ ነው፣ ያውም ያለ ክፍያ ዘንድሮ።»
ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ ሳል አስመስዬ ሳቅሁ፤
ዞር አለች፦ «ያቺ ሳል ሚ ናት።» ከዚያች ቀን ወዳጇ ሆንሁ።

የኮንሰርቱ ዕለት በረዶ ጣለ፤ ፕሮግራሙ ከስሟ አንድ ፊደል ገደፈ፤
ግማሹ ወንበር ባዶውን አለፈ።
ቆጠርሁ፤ መቶ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ… እጄን አነሣሁ፤
ያኔ ከወደቡ እውነተኛው መርከብ ጮኸ፤ ቁጥሬን ረሳሁ።
መቶ አርባ አለፈ።
የሃልቮርሰን ቅንድብ ወደ ላይ፣
የኔም ዱላ አየር ላይ፤
አንድ ቤት ዘግይቼ፣ ጸጥታው መሐል፣ ብቻውን፣
«ቅጭል» አለ፤
ቆየ፤ ከሚገባው በላይ ቆየ።

ከመጋረጃው ኋላ አገኘችኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት
እርሳሷን ከጸጉሯ መዘዘች፤ ምልክቴን ወደ ቀጣዩ ቤት በቀስት ጎተተችበት፦
«ተወው። የሚጠበቅ እንግዳ አያንኳኳም፤ ዘው ይላል።
ያንተ አንኳኳ።
እዚህ ከተማ ቤት የሚመታ አንተን ብቻ አገኘሁ፣ ሶስት ማዕዘን።»

ሃያ ሦስት ሥራ ጻፈች፤ ሰባቱ ተሰሙ።
ኮሌጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ተጋባዥ መምህርት» አላት፤
«ተጋባዥ ነኝ» ትላለች፣ «እራቱ ግን ዘገየ።»

ባለፈው መጋቢት ዐረፈች።
ጋዜጣው ሦስት መስመር ሰጣት።
ዐረፈች ስል በኖታ ነው የምለው፤
ዕረፍት ምልክት አለው፣ ልክ አለው፤
ኪራይ አለው።
እየቆጠርሁ ነው።

ትናንት ከሚልዋኪ አንዲት ወጣት ደወለች፤ መቺ ናት እንደኔ፦
«መቶ አርባ አንድ ላይ ያለው… የኅትመት ስህተት ነው?
አንድ ቤት ቢቀድም ይገጥም ነበር።»
ስልኩን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድሁ። ሐይቁ በረዶ ነው፤ መርከብ የለም።
«ቁጠሪ» አልኋት። «መቶ አርባ ስትደርሺ እጅሽን አንሺ።
ከዚያ አትምቺ።»
«እስከ መቼ?»
«እስክታፍሪ ድረስ።»