ግራሶ

ገንደ ቆሬ፣ ከኛ ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ በታች፣
አባቴ የሠራት አንዲት ፓምፕ አለች።
ቸርኬዋ ከጋሪ፣ ኩሽኔታዋ ከባቡር፣
ማንቬላዋ ከአንድ የሞተ ፊያት ነበር።
በገመዷ ላይ ከጎማ የተቀደዱ
ክብ ክብ ቁርጥራጮች ተሰልፈው ሲወርዱ፣
ከታች ቱቦው ገብተው፣ ውሃውን አቅፈው፣
አንዱ ላንዱ እያቀበለ ሲያወጡት ገፍተው፣
አዴ ሩቅያ «ሙስበሃ» ትላለች፣ እናቴ «መቁጠሪያ»፤
አባቴ ግን «ጎማ ነው፤ የጋሪ መጫሚያ»።

ትጮኻለች ደግሞ። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣
በር ጅራቷን እንደቀረቀረባት አይጥ።
«ኧረ ጋሽ ጥላዬ፣ ግራሶ ይቀቧት!
ነጋ ጠባ ሲጢጥ፣ እኛ ምን በደልናት?»
ጎረቤቱ ይላል። እሱ ፈገግ ይልና
«ትጩኽ» ይመልሳል፣ «ምላስ አላትና»።

ምስጢሩን የማውቀው እኔ ነኝ። ሲበይድ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት ፊቱ ሲነድ፣
ዓይኑን እንደ ሻማ ቀስ እያለ አነደደ፤
ጡረታ በወጣ ዓመት ብርሃኑ ነጎደ።
ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ያቺ ፓምፕ ሆነች፣
የመጣውን ሁሉ በስሙ እየጠራች።
ሲጢ ሲጢ ሲጢ፦ «ኢፍቱ ናት፤ ዛሬም አርፍዳለች»።
ሲጢጥ… ዝም። ሲጢጥ… ዝም፦ «ሆዳን፤ ወሬ ይዛለች»።
ሲ…ጢ…ጥ፣ ሲ…ጢ…ጥ፦ «ተስፉ፤ ወገቡን አሞታል፤
አንድ ሰው ይርዳው እንጂ፣ ጄሪካኑ ይከብደዋል»።

ከግንቡ ማዶ ግን አው ዩያ ነበረ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አኩርፎ የኖረ።
ጉድጓዱ ሲቆፈር ሲሚንቶ ጎደለ፤
አባቴ በሰው ፊት «ዩያ ያውቃል» አለ።
በቃ፣ ይችው ናት። አንዲት ቃል። ሦስት ከረጢት።
«ወላሂ ጠብታዋን አልቀምስም፣ እስክገባ መሬት!»
ሲሚንቶውም ኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ፣
ከቆርቆሮ ክምር ሥር ተገኘ፣ ደርቆ እንደ ካባ።
አባቴ ዳሰሰው። ዝም ብሎ ተመለሰ።
ይቅርታው ከግንቡ ማዶ አልደረሰ።
አው ዩያም ካህያ ጋሪ ውሃ እየገዛ፣
ኩርፊያው እንደ ቆዳ ለስልሶ እስኪወዛ።

አንድ ግንቦት ታዲያ፣ ደቻቱ አሸዋው ሲነድ፣
ቦኖው አየር ሲያስል፣ ጋሪው ሲጠፋ ከመንገድ፣
አልጋችንን አውጥተን ተኝተናል ደጅ፤
ሙቀቱ ከመሃላችን፣ እንደ ሌላ ልጅ።

ከሌሊቱ ስምንት።
ሲጢ…
ቀጥ።
ሲ…
ቀጥ።
የገዛ ድምፁን የሚፈራ እጅ።

«ይኼን እጅ አላውቀውም» አለ በሹክሹክታ።
ቀና ብዬ አየሁ፦ ነጭ ኮፊያ፣ ሽርጥ፣ አንዲት ጄሪካን፣ ብዙ እርጋታ።
አንድ ዙር ያዞርና ቆሞ ያዳምጣል፤
ቸርኬዋ ስትጮኽ ትከሻው ይኮማተራል።
ግማሽ እንኳ ሳይሞላ፣ በጥላው ሥር ሄደ።
«ማነው?» አለኝ አባቴ። ምላሴ ከበደ።
«አው…» ብዬ ሳልጨርስ፣ እጄን ጨበጠኝ፤
«አንተ አላየህም» አለ፤ «እኔም አልሰማሁኝ»።

«ያ የግራሶ ጣሳ የት ነው?» አለ በጠዋቱ።
ኩሽኔታውን ፈትቶ፣ በጣቱ፣ በጣቱ፣
ቀባው፣ ለአራስ ሕፃን ቅቤ እንደሚያልሱት፣
እየፈለገ ሲጢጡ የተደበቀበት።
«ተገላገልን!» አለ ግቢው፣ ያልሳቀ የለ፤
ኢፍቱ ስትቀዳ ግን፣ አባቴ፦ «ማን አለ?»

ማንም አልመለሰለት። ውሃ ነበር የሚሰማው።

ከዚያ ወዲህ ሌሊቱ ዝም ያለ ሌሊት ነው።
ውሻ ይጮኻል፤ የሩቅ ከባድ መኪና ያልፋል፤
የኒሙ ፍሬ ቆርቆሮ ላይ ጠብ ይላል።
ፓምፒቱ ግን የለችም፤ ወይም ያለች አይመስልም።
ጠዋት ስነሳ ከሥሯ
ሲሚንቶው እርጥብ ነው።
አባቴ በባዶ እግሩ ይመጣል፣ ግንቡን እየዳበሰ፤
በተረከዙ ይረግጠዋል፤ ይቆማል።
«ቀዝቅዟል» ይላል።