ባርኔጣው የት ወረደ?

ስሙን ረስቼዋለሁ፤ ፊልሙ የእንግሊዝ ነው፣
ሃያ ደቂቃ ነው፣ ንግግር የሌለው።
ደወልና ዜማ፣ ፔዳልና ጎማ፣
ብስክሌት የሞላው አንድ ትንሽ ከተማ።

በላንድሮቨር መጣ፤ ጄኔሬተር ሲያጓራ
የጤና ኮሌጁ ግድግዳ በኖራው ሲበራ፣
ጋቢ ለሦስት ለብሰን፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን፣
የማናውቀው መንደር ዝናብ አበሰበሰን።

ፖስተኛው ደወሉን አንዴ ቅጭል ሲያደርገው
ዳቦ ጋጋሪው ሁለቴ አቃጭሎ ሲመልሰው፣
ቄሱ፣ ቀሚሳቸውን ሰንሰለት በልቶባቸው፣
አንዲት ዋሽንት ብቻ ከኋላ ስትስቅባቸው፤
ደግሞ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ባርኔጣ ያደረገች፣
ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሁለት እጇን የለቀቀች።

ነፋስ መጣ።
ባርኔጣው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ —

እዚህ ላይ ይቆረጣል።
ሦስት ማታ አሳዩን፤ ሦስቱንም ማታ እዚሁ ላይ ይቆረጣል።
ጋሽ ድልነሳው ተሳድቦ፣ በምላጭ ከርክሞ፣ በሙጫ ያጣብቀዋል፤
ብርሃኑ ሲመለስ ባርኔጣው ፖሊሱ ራስ ላይ ቁጭ ብሏል።
መካከሉን ያየ ሰው ጎንደር ውስጥ የለም።

«ወፍ አድርሳለት ነው» አለ የልብስ ሰፊው ልጅ ሙክታር።
«ወንዝ ወስዶት ነው» አልሁ እኔ፤ ቀሐን እያሰብሁ ነበር።
ጥጋቡ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዘው፦
«ቀይ ባርኔጣ!» አለ። «እንዴት ያለ ቀይ ነው!»
«ምን ቀይ አለ? ፊልሙ ጥቁርና ነጭ አይደል እንዴ?»
«ዓይንሽን ታጠቢ።» «አንተ ታጠብ!» «ታጥቤያለሁ ሁለት ጊዜ።»
ወንዙን እስክንሻገር ተጣላን፤
ተሻግረንም አልበቃን።

ቅዳሜ ሐጂ ሡሩር ዘንድ፣ ሩብ ሰዓት በአንድ ስሙኒ፤
ለሴት አላከራይ ቢሉ ጥጋቡ ወሰደ ለእኔ።
ከፖስታ ቤቱ በታች ኮርቻውን ያዘልኝ፣
«እንዳትለቂ» ብሎ መክሮ፣ እሱ ራሱ ለቀቀኝ።
ወደ ገበያው ቁልቁል ሁለት እጄን ለቀቅሁ፤
አሁን ይጀምራል ብዬ ሙዚቃውን ጠበቅሁ።

አልጀመረም።
የሰንሰለት ቋቋታ፣ የሴቶች «ኧረ ጉዷ!»፣
አንድ የደነበረ አህያ፣ የጌሾ ክምር፣ የጌሾ ሻጯ ዕዳ።
ነጠላዬን ነፋስ ወሰደው። ወጣ፣ ወጣ።
እሱንም ሲወርድ ያየ የለም።
አባቴ ማታ ሲገርፈኝ
ለነጠላው ይሁን ለብስክሌቱ አልነገረኝም።

ላንድሮቨሩ አልተመለሰም። ሐጂም ሱቃቸው ተዘጋ።
ጥጋቡ ቴሌ ገባ፤ ከምሰሶ ምሰሶ ሲወጣ ሲወርድ ጸጉሩ ነጋ።
በሠርጌ ቀን እንኳ፣ ከሚዜዎች መካከል ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ፣
«ቀይ ነበር» ብሎኝ አለፈ። በሳቅ ፈሰሰ ኩሌ።

ዜማውንም ይዤዋለሁ እል ነበር፤ ልብስ ሳጥብ ሳንጎራጉረው
ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ሳይታወቀኝ፣ አንቺ ሆዬ ሆኖ አገኘዋለሁ።
ልጆቼ «የምን ዘፈን ነው?» ይሉኛል።
የብስክሌት፣ እላቸዋለሁ። ብስክሌት ይዘፍናል ወይ? ይሉኛል።

አምና ሐምሌ፣ በአርባው ማግስት፣ ውባለም፣ የበኩር ልጁ፣
የዛገ የከረሜላ ጣሳ ይዛ መጣች በእጇ።
«ለርስዎ ስጪ ብሎኛል፤ ምን እንደሆነ እንጃ» አለች።
ከፈትሁት።
ለካ ጋሽ ድልነሳው ከርክሞ የጣለውን
ጥጋቡ ከሣሩ ለቅሞ፣ ሃምሳ ዓመት ዝም ብሎ፣
አንድም ቀን ሳያሳየኝ፣ ሲከራከረኝ ኖሯል!

መስኮቱ ላይ ያዝሁት። አሥራ አንድ ትንንሽ ባርኔጣ፣
አንዱ ከአንዱ በጥቂቱ፣ በጸጉር ያህል የወጣ።
አሥራ አንደኛውም ገና ሰማይ ላይ ነው።
ሁሉም ቀልቷል፤ ሰማዩም፣ መንገዱም፣ የልጅቱም ክንድ።
ከቀለሙ ይሁን ከጣሳው ዝገት፣
ሞራ በለበሰ ዓይኔ አልለየው አልሁ።

ከታች ባጃጅ ጥሩንባ ነፋ።

እሺ፣ ጥጋቡ። ቀይ ነበር።
ግን አልወረደም።